ወንድማችን ለምን ወደ ጫቱ ተመለሰ? የጭንቀት ሆርሞንና የአእምሯችን መሻት



ዛሬ የማቀርበው ጽሑፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ አይጦች፣ ስለ ጦጣዎችና በደማችን ውስጥ ስለሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ነውና። “ፓስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አይጥ የሚያጠናው?” የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን ግሪክኛውንም ነገረ መለኮቱንም ተምረናል፤ ስለ አንጎል ግን አንድም ቀን አልተነሣም። ወደዚህ ነገር የመራኝ የሳይንስ ፍቅር ሳይሆን በአንድ ወንድም ላይ የሰጠነው ፍርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ጉባኤ፣ እዚሁ ሺሺንዳ አካባቢ፣ ጫት ትቶ ጌታን የተቀበለ አንድ ወጣት ነበረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ቆየ። በመዘምራን ውስጥ ያገለግል ነበር፤ ምስክርነቱንም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከዚያ አባቱ ታመሙ። ከሺሺንዳ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ እያመላለሰ ሲያሳክማቸው በእጁ የነበረው ገንዘብ አለቀ፤ የብድር ዕዳ መጣ፤ አባትየው አልጋ ላይ እያሉ በቡና መሬቱ ከዘመድ ጋር ክርክር ተነሣ። በመጨረሻም አባቱ አረፉ። ለቅሶው አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ወንድማችን በርጫ ላይ ተቀምጦ ታየ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። “ንስሐው ከልብ አልነበረም” ተባለ። ይህንን ቃል ከተናገሩት አንዱ እኔ ነኝ። ከአገልግሎት አገድነው፤ በጉባኤም ፊት ተነገረ። እርሱ ለብቻችን ስንሆን የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ፓስተር፣ እንዲያው ልንገርዎት፣ ጫቱ ደስ ብሎኝ አይደለም። አሁን ሲጣፍጠኝ እንኳ አይደለም። ግን ሐራራው እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ነው የመጣብኝ።” እኔም በልቤ “ሰበብ ነው” አልሁ።

ሰበብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያነበብኋቸው ጥናቶች ይህ ወጣት የተናገረው በትክክል በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር እንደ ነበር አስረድተውኛል። እነዚህን ጥናቶች እንደ ገባኝ መጠን ላካፍላችሁ።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ጭንቀት ስንል በሐሳብ ብቻ የሚኖር ነገር ይመስለናል። ሆኖም ሰው ሲጨነቅ ከአንጎል ሥር ያለች ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል በአጭሩ ሲ.አር.ኤፍ. የሚባል መልእክተኛ ትልካለች። ይህንን መልእክተኛ ዋይሊ ቬል የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ለይተው አውቀውታል። መልእክቱ ፒቱታሪ ወደምትባለው ዕጢ ይደርሳል፤ እርሷም በኩላሊቶቻችን ራስ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡትን አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች ታዛለች፤ እነርሱም ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቅቃሉ። በአይጥ ውስጥ ይህንን ሥራ የሚሠራው ኮርቲኮስቴሮን ይባላል፤ የኮርቲሶል ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሆርሞን ክፉ ነገር አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ስኳር እንዲጨምርና ሰውነት ለሚመጣበት ነገር ጉልበት እንዲያገኝ የሚያደርግ የፈጣሪ ስጦታ ነው። በአገራችን በሰሜን ተራሮች የሚኖሩትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች ደም መቅዳት ሳያስፈልጋቸው እበታቸውን እየሰበሰቡ የዚህን ሆርሞን ቅሪት ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ጥናት መጠኑ በቀዝቃዛው ወራት ከፍ እንደሚል ታይቷል። ያ ሁሉ ብርድ ባለበት ገደል ላይ የሚያድር ፍጥረት ሰውነቱ ባይዘጋጅለት እንዴት ይነጋለታል? ብርዱ ሲያልፍ ሆርሞኑም ይወርዳል። ችግር የሚሆነው የማያልፍ ብርድ ሲመጣ ነው። ዕዳው፣ ክርክሩ፣ የአባት ሕመም፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሲጨመር ሆርሞኑ የሚወርድበት ጊዜ አያገኝም።

የመሻት መንገድ

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ካናዳ ውስጥ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ አንዲት መጫኛ በተጫነች ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አንጎሏ እንዲሄድ አደረጉ። ሽቦው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ሲሆን አይጧ መጫኛውን ደጋግማ፣ ያለ ዕረፍት ተጫነች። በአንጎል ውስጥ ፍጥረትን “ድገመው፣ ድገመው” የሚል ሥርዓት እንዳለ በዚህ ታወቀ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናው መልእክተኛ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ ዶፓሚን “የደስታ ኬሚካል” ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ያሳስታል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ሥራ እንዳሳዩት፣ ጦጣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭማቂ ስትቀምስ የዶፓሚን ነርቮቿ ይነቃሉ፤ ከጭማቂው በፊት የሚበራ መብራት መኖሩን ከለመደች በኋላ ግን የሚነቁት ለጭማቂው ሳይሆን ለመብራቱ ነው። ዶፓሚን እንግዲህ ከመርካት ይልቅ ለመሻት የቀረበ ነው። ሰው አንድን ነገር ሳይወደው እንኳ አጥብቆ ሊሻው ይችላል። ወጣቱ “ሲጣፍጠኝ እንኳ አይደለም፣ ግን ሐራራው” ያለኝ ይህንን ነበር። በእኛ አገር መብራቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች እስር ናት፤ ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት፤ የጓደኞች ሳቅ ከጓዳ ሲሰማ ነው።

ጫት በዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚገባም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ከትኩስ የጫት ቅጠል ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ነርቮች ዶፓሚንን ወደ ውጭ እንዲለቅቁ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው ቃሚዎች ትኩሱን የሚፈልጉት፣ መኪናውም ጫት ጭኖ እንደ ዕብድ የሚበርረው። በቤተ ሙከራ ጦጣዎች ላይ ሲሞከር፣ ጦጣዎቹ ካቲኖን ለማግኘት መጫኛውን ደጋግመው ተጭነዋል። (ቡናስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። ካፌይን የሚሠራበት መንገድ ሌላ ነው፤ አዴኖሲን የሚባለውን የድካም መልእክተኛ ተቀባዮች በመዝጋት ነው። ደግሞስ በካፋ ምድር ተቀምጦ ቡናን የሚነካ ፓስተር ቤቱን የት ሊሠራ ነው?)

ሁለቱ ሲገናኙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የጭንቀቱ ሆርሞን ከመሻቱ መንገድ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል?

ፒየር ቪንቼንሶ ፒያዛና ሚሼል ለ ሞዋል የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ አይጦችን አንድ በአንድ ወደማያውቁት አዲስ ቤት አስገቡ። አንዳንዶቹ ብዙም አልተረበሹም። ሌሎቹ ግን ያለ ዕረፍት ተንቀሳቀሱ፤ የኮርቲኮስቴሮናቸውም መጠን ከፍ ብሎ ቶሎ አልወረደም። ከዚያ ለሁሉም አምፌታሚንን ራሳቸው እንዲወስዱ ዕድል ሲሰጣቸው፣ ፈጥነው የለመዱት እነዚያ ጭንቀታቸው የቆየባቸው ነበሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሥራ ለእነዚያ ላልተረበሹት አይጦች ኮርቲኮስቴሮን ሲሰጧቸው፣ እነርሱም መድኃኒቱን መውሰድ ለመዱ። አይጦቹ ያው ናቸው፤ የተጨመረው ሆርሞኑ ብቻ ነው።

ነገሩን በተቃራኒው የሞከሩም አሉ። የአይጦቹን አድሬናል ዕጢ በቀዶ ጥገና ሲያወጡት አይጦቹ ኮኬይን መፈለጋቸው ቀነሰ፤ ሆርሞኑ ሲመለስላቸው ፍላጎቱም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሌላ ቡድን ዶፓሚንን ከሚቀበሉ የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ የዚህን ሆርሞን ተቀባይ ብቻ ያጠፋባቸው አይጦች ኮኬይንን ከሌሎች ያነሰ እንደሚፈልጉ አሳየ። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ዞሮ ዞሮ የሚገባበት በር እዚያው የመሻት መንገድ ላይ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

የጭንቀት ብዛት ደግሞ የነገሩን መልክ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ቀደም ብለን ያነሣነው ሲ.አር.ኤፍ. ባልተጨነቀ አይጥ ውስጥ ዶፓሚን እንዲጨምር እንደሚያደርግ ታየ፤ አይጡ አዲስ ነገር ሲገጥመው “ምን ይሆን?” ብሎ እንዲቀርብ የሚረዳው ይመስላል። አይጦቹ ግን ተስፋ በሚያስቆርጥ ሁኔታ ደጋግመው ውኃ ውስጥ እንዲዋኙ ከተደረጉ በኋላ፣ ያው መልእክተኛ ዶፓሚን መጨመሩን ተወ፤ ቀድሞ ይስብ የነበረው አሁን የሚያሸሽ ሆነ። ይህ ለውጥ ቢያንስ ለ90 ቀናት ቆየ። ዋናው ለሁለት ቀን ብቻ ነበር። በአይጥ ዕድሜ 90 ቀን ረጅም ዘመን ነው። ከለቅሶ ወይም ከከባድ ፈተና በኋላ ዝማሬው አልጣፍጥ፣ ጸሎቱም ደረቅ የሆነባቸውን ወገኖች ሳስብ ይህ ሙከራ ትዝ ይለኛል። ወዲያው “መንፈሱ ቀዝቅዟል” ማለት ልማዳችን ነውና።

ወደ ወንድማችን ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው ግን ያቪን ሻሃምና ጄን ስቴዋርት ካናዳ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ነው። ሄሮይን የለመዱ አይጦች መድኃኒቱን ተከለከሉ። መጫኛውን ቢጫኑ ምንም የማይመጣ መሆኑን ተረድተው ተዉት። ከዚያ በእግራቸው ሥር ለጥቂት ደቂቃ የሚያስደነግጥ ኤሌክትሪክ ተለቀቀባቸው። አይጦቹ ተነሥተው ወደዚያው የተዉት መጫኛ ሄዱ፤ ደጋግመውም ተጫኑት። መድኃኒት አልቀመሱም፤ ሽታውም የለም፤ የመጣው ጭንቀት ብቻ ነበር። በኋላ እንደ ተረዱት በዚህኛው ሁኔታ ዋናውን ሚና የሚጫወተው ከኩላሊት ላይ የሚመጣው ሆርሞን ሳይሆን በአንጎሉ ውስጥ የሚሠራው ሲ.አር.ኤፍ. ነው። የተተወ መንገድ የጠፋ መንገድ አይደለም። በእኛ ጫካ ውስጥ ለዓመት ያልተሄደበት የእግር መንገድ ሣር ይሸፍነዋል፤ የሚያውቀው ሰው ግን በጨለማም አይስተውም።

የወዳጅ ነገር

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ ጨለማ ነው። ሌላም ወገን አለው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት 20 ወንድ ጦጣዎችን ተከታተለ። መጀመሪያ ለየብቻቸው ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ አራት አራት እየሆኑ አብረው እንዲኖሩ ተደረገ። ከሦስት ወር በኋላ በቡድናቸው ውስጥ የተከበሩት ጦጣዎች የዶፓሚን ተቀባይ በአንጎላቸው ውስጥ ጨምሮ ተገኘ፤ ኮኬይንም ብዙ አልሳባቸውም። የተናቁትና የሚገፉት ግን ለውጥ አላገኙም፤ ኮኬይኑንም አጥብቀው ያዙ። አብሮ መኖሩ ብቻ አልጠቀመም፤ በማኅበሩ ውስጥ የያዙት ቦታ ነው የለያቸው። ይህንን ሳነብ በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን አሰብሁ።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው፤ ማርኮ ቬኒሮ ከሻሃም ጋር የሠሩት። አደንዛዥ ዕፅ የለመዱ አይጦች ሁለት መጫኛ ተሰጣቸው። አንዱን ቢጫኑ ዕፁ ይመጣል፤ ሌላውን ቢጫኑ በር ተከፍቶ ከሌላ አይጥ ጋር ይገናኛሉ። አይጦቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወዳጁን መረጡ። ሱሱ የጸናባቸው የሚባሉት እንኳ ወዳጁን መረጡ።

እዚህ ላይ “ሃሌ ሉያ” ብለን ብንዘጋው ደስ ባለኝ። ጥናቱ ግን አንድ ነገር ጨመረ። የወዳጁ በር ሳይከፈት ብዙ ሲዘገይ፣ ወይም ወደ ወዳጁ መሄድ ከቅጣት ጋር ሲሆን፣ አይጦቹ ወደ ዕፁ ተመለሱ።

ይህንን ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እኛ ያንን ወንድም ምን አደረግነው? በሩን ለስድስት ወር ዘጋንበት። ከወገን ጋር መገናኘቱንም በጉባኤ ፊት ከመዋረድ ጋር አቆራኘነው። በርጫው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ማንም “እስኪ ንስሐህን አስረዳ” አይለውም።

ታዲያ ኃጢአት የሆርሞን ጉዳይ ነውን?

አይደለም። ይህንን በግልጽ ልናገር፤ በኋላ “ፓስተሩ ኃጢአት የለም አሉ” እንዳትሉኝ። አይጥ በእግዚአብሔር አምሳል አልተፈጠረም። አይጥ ንስሐ አይገባም፤ ቃል ኪዳንም አያፈርስም። መጫኛ መጫን የሰውን ልብ ምርጫ ሙሉ በሙሉ ሊያስረዳ አይችልም። እነዚህ ሙከራዎችም የሚናገሩት ስለ ብዙዎቹ አይጦች እንጂ ስለ እያንዳንዷ አይደለም፤ በዚያው ጭንቀት ውስጥ አልፎ ወደ መጫኛው ያልሄደ አይጥ ሁልጊዜ ይገኛል። በጭንቀትም ጸንተው የቆሙ ቅዱሳን በመካከላችን አሉ፤ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። ስለዚህ አንድ ወንድም ተነሥቶ “ሆርሞኔ ነው ያደረገው” ቢለኝ አልቀበለውም።

ነገር ግን “ኃላፊነት አለበት” ማለትና “ንስሐው ሐሰት ነበር” ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። መውደቁን አይተን የቀደሙትን ሁለት ዓመታት ሰረዝናቸው። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው ድሮም አልወጣም ነበር አይባልም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ አገኘሁት። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ በቀርሜሎስ ከተደረገው ያ ሁሉ ድል በኋላ በአንዲት ሴት ዛቻ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እናየዋለን። እግዚአብሔር በመጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ አልነበረም። አስተኛው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ እንደ ገና ተኛ፤ እንደ ገና አበላው። “በዚህ ምን ታደርጋለህ?” የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ግን የተፈተነ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናዝለት ጾምና የአዳር ጸሎት ነው። ጾምንና ጸሎትን አልነቅፍም፤ እኔም የማደርገው ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ምሽት የኮርቲሶሉ መጠን ከፍ ብሎ እንደሚገኝ በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ሦስት ሳምንት በለቅሶ ያልተኛን ልጅ ለአራተኛ ሳምንት አዳር አስቁመነው “አልተፈታም” ማለታችን ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፡6-8 ጉባኤው ስለ ቀጣው ሰው ሲናገር፣ የተቀጣው ቅጣት ይብቃው፣ አሁን ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም ይላል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ሰውየው ከመጠን ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ነው። ለዓመታት ስሰብከው የኖርሁ ክፍል ነው። የኀዘን ብዛት ሰውን እንደሚውጥ ጳውሎስ ያለ ቤተ ሙከራ ያውቅ ነበር። ቅጣትን አልሻረም፤ ልክ አበጀለት እንጂ።

አሁን ምን እናደርጋለን?

በጉባኤያችን የለወጥነው ነገር ብዙ አይደለም። ከሱስ የወጣ ወንድም ወይም እኅት ቤት ሕመም፣ ለቅሶ ወይም ዕዳ ሲገባ፣ ከመውደቁ በፊት ሁለት ሰዎች ይመደቡለታል። የሚሄዱት ለመምከር አይደለም። ከምሳ በኋላ፣ በርጫ በሚጀመርበት ሰዓት ሄደው አብረውት ይሆናሉ፤ ቡና ይለቅማሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ወይም ዝም ብለው ቡና ይጠጣሉ። አንድ አዛውንት ሽማግሌ በመጀመሪያ “ይኼ ምን መንፈሳዊነት አለው?” ብለው ነበር፤ ዛሬ ከሁሉ በፊት የሚሄዱት እርሳቸው ናቸው። ለቅሶ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሰው የሚያስፈልገው ድንኳኑ በተተከለበት ሳምንት ሳይሆን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ መሆኑን ተምረናል። ጎረቤቱ ሲበተን ዕዳው ይመጣል፤ ሌሊቱም ይረዝማል።

የወደቀም ቢኖር ከአገልግሎት ለጊዜው ያርፋል፤ ይህንን አልተውንም። ከኅብረት ግን አይለይም። ቀኑ ተቆርጦ ይነገረዋል፤ እስከዚያም ማን ከእርሱ ጋር እንደሚሆን በስም ይታወቃል። ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው ማለት፣ ወይም ሕይወቱን የመጥላት ምልክት የሚያሳይ ከሆነ ግን ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ወደ ሐኪም እንወስደዋለን፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሁሉም ተሳክቶልናል አልልም። ባለፈው ክረምት ሁለት ሰዎች የተመደቡለት አንድ ወንድም እነርሱ በሌሉበት በገበያ ቀን ሄዶ ቅሟል። ማታውኑ ራሱ መጥቶ ነገረን። ቀድሞ ቢሆን ወሬውን የምንሰማው ከሌላ ሰው ነበር።

ስለ መጀመሪያው ወንድም የጠየቃችሁኝ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ሚዛን አካባቢ ይኖራል፤ ትዳር ይዟል። ከሺሺንዳ በዚያው መንገድ ለአገልግሎት ስሄድ ደውዬለት ተገናኘን። በጉባኤ ፊት የተናገርሁትን ቃል አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየ። “እርስዎ ያሉትን ረስቼዋለሁ ፓስተር” አለኝ። “ያልረሳሁት፣ ያን ሰሞን ማንም ቤቴ አለመምጣቱን ነው።” ከዚያ ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ቡና አፈላች፤ ሦስተኛውን ስኒ እስክንጠጣ ድረስ ተቀመጥሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።